መዝገቡና ሳንቲሙ፦ ስለ ካርዳኖ የተከራከርንበት ቅዳሜ



በቅርቡ በአንድ የቅዳሜ ስብሰባችን ላይ ከወትሮው ለየት ያለ አጀንዳ ቀርቦልን ነበር። የበርበሬና የሽሮ ወፍጮ ለመግዛት ለዓመታት ስንቆጥብ ከቆየነው ገንዘብ ከፊሉ «ካርዳኖ» በሚባል የብሎክቼን ሥርዓት ሳንቲም ላይ ይዋል የሚል ሐሳብ ነው። ሐሳቡን ያመጣችው የአንዷ አባላችን ልጅ ናት። ኮምፒውተር ተምራለች፣ የማኅበሩን ሒሳብ በኮምፒውተር የምትጽፍልንም እሷ ናት። ክርክሩ በአቦል ተጀመረ፤ በረካው ተጠጥቶ ሲኒው ታጥቦም አላለቀም። በመጨረሻ ከነታሪኩ ተጽፎ በመጽሔታችን እንዲወጣ ተስማማን። ብዙዎቻችን ከየልጆቻችን አፍ ይህንኑ ስም እየሰማን ነው። ደጋፊዎቻችንም የሰጡንን አደራ ስናስቀምጥ ምን እንደምናስብ ቢያውቁ መልካም ነው ብለን እናምናለን።

ልጅቱ የተነሣችበት ምክንያት ቀላል አልነበረም። «እማማ፣ እናንተ በባንክ ያስቀመጣችሁት ብር ቁጥሩ ነው እንጂ ዋጋው እየጨመረ አይደለም» አለችን። ይህን የሚክድ በመካከላችን አልነበረም። ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ በዓመት 7 በመቶ ሆኖ ሳለ፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኛ ስንቆጥብለት የነበረው ወፍጮ ከውጭ የሚመጣ ነው። ስንቀርበው ይርቀናል፤ ስንደርስበት ዋጋው ሌላ ሆኖ ይጠብቀናል። ስለዚህ «ገንዘባችን የት ይቀመጥ?» የሚለው ጥያቄ የሷ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ነበር።

ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም። አያቶቻችንም ጠይቀውታል።

አሞሌ፣ ጠገራና የባንክ ወረቀት

በአገራችን ለረጅም ዘመን ገንዘብ ሆኖ ካገለገለው አንዱ አሞሌ ጨው ነው። ከአፋር በረሃ ተጠርቦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ ከሰሜን እስከ ደቡብ ይጓዝ ነበር። ዋጋው ከመጣበት በራቀ ቁጥር ይጨምራል። በክረምት ግን እርጥበት ይበላዋል፣ በመንገድም ይሰበራል። አሞሌ የያዘች እናት ሀብቷን ከዝናብ መጠበቅ ነበረባት። ቢሆንም አሞሌ አንድ ጥሩ ነገር ነበረው፤ ገበያው ቢጠፋ ወጥ ይጣፍጥበታል።

ቀጥሎ ማርትሬዛ መጣ፣ ጠገራ ብር የምንለው። በኦስትሪያ ንግሥት በማሪያ ቴሬዛ ምስል የተሠራ፣ 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት ብር ነው። ንግሥቲቱ ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላም ያው ምስልና ያው ዓመት እየታተመበት ይመጣ ነበር። የእኛ ሰው ጠገራውን ሲቀበል ዝም ብሎ አይቀበልም፤ የዘውዱን ፈርጥና የደረቱን ጌጥ እየቆጠረ፣ ጠርዙን በጣቱ እየዳሰሰ ነበር። የተሻሸውን አይወስድም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ አጋማሽ የራሳቸውን ምስል የያዘ ብር በፓሪስ አሠርተው ቢያመጡም፣ ገበያው ለብዙ ዓመታት ማርትሬዛን አልለቀቀም። ከዚህ የምንማረው ሰው ገንዘብን የሚቀበለው በአዋጅ ብቻ አለመሆኑን ነው። የለመደውን፣ የሚመረምረውንና ነገ ሌላው ሰው እንደሚቀበለው የሚያውቀውን ነው የሚይዘው።

ባንክ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲከፈት ዋናው ባለቤት የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ነበር። አክሲዮኑ በአዲስ አበባም በውጭ አገር ከተሞችም ተሸጠ። እቴጌ ጣይቱ ግን ባንኩ በውጭ ሰዎች እጅ መሆኑ አላስደሰታቸውም። በ1901 ዓ.ም. ገደማ ለእርሻና ለንግድ የሚያበድር አገርኛ ማኅበር እንዲቋቋም ያደረጉት ለዚህ ነው። የእቴጌይቱን ጥያቄ ዛሬም እናነሣዋለን፤ ገንዘባችንን የያዘው ማን ነው? የሚወስነውስ የት ሆኖ ነው?

ከዚያ የመጣው ዘመን ሌላ ትምህርት ሰጠ። ጣሊያን ሲገባ ሊሬውን ተቀበሉ አለ፤ ሕዝቡ ጠገራውን ቀበረ። ጣሊያን ሲወጣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ገባ፤ በ1937 ዓ.ም. የራሳችን የወረቀት ብር ታተመ። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የኩባንያ አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት ገበያ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ግን በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ በዚያው ዓመት ጥር ወር ደግሞ 72 ኢንዱስትሪዎችና የንግድ ድርጅቶች ተወረሱ። በአንድ ማለዳ አክሲዮን ወረቀት ብቻ ሆነ። ጥቅምት 1969 ዓ.ም. የብር ኖት ሲቀየር ደግሞ በሣጥን የደበቀ ሰው ቀኑ ሳያልፍበት ለመቀየር ተሯሯጠ። መስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩም ያንኑ ሩጫ እኛው ራሳችን በሳሪስ ባንኮች በር ላይ ተሰልፈን አየነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ያልተቋረጠው እቁብ ነው። ከንፋስ ስልክ በሳሪስና በቃሊቲ አልፎ አቃቂ ድረስ ያለው መስመር የፋብሪካ ሠፈር ነው፤ ደመወዝ በወጣ ቁጥር እቁብ ይጣላል። መንግሥት ሲለወጥ፣ ኖት ሲቀየር፣ ባንክ ሲወረስ እቁቡ ቀጠለ። የጠነከረበት ምክንያት ዳኛው፣ ጸሐፊውና ዋሱ የሚታወቁ ሰዎች በመሆናቸው ነው። ቤታቸውን እናውቀዋለን፤ በለቅሶም በሠርግም እንገናኛለን።

እውነቱን ለመናገር እቁብም ይፈርሳል። የመጀመሪያውን ዕጣ በልቶ የጠፋ ሰው የማያውቅ ሠፈር የለም። ዋስ የተፈለሰፈውም ለዚሁ ነው።

ብሎክቼን ምንድን ነው?

ልጅቱ ነገሩን ያስረዳችን በእቁብ መዝገብ ነው። ይህን ማስረዳቷ ከሁሉ በላይ ጠቅሞናል።

የአንድ እቁብ መዝገብ በጸሐፊው እጅ ብቻ ቢሆን ጸሐፊው ሊሰርዝ፣ ሊደልዝ ይችላል። እያንዳንዱ እቁበተኛ የመዝገቡ ቅጂ ቢኖረውና አዲስ ገጽ በተጻፈ ቁጥር ሁሉም እኩል ቢጽፉ ግን አንዱ ቢያጭበረብር የሌሎቹ ቅጂ ያጋልጠዋል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ገጽ ያለፈውን ገጽ የሚያስታውስ ማኅተም ቢኖረው፣ የድሮውን ገጽ የነካ ሰው ከዚያ በኋላ ያሉትን ማኅተሞች ሁሉ ማፍረስ ግድ ይሆንበታል። ብሎክቼን ማለት ይህ ነው፤ ገጾቹ እርስ በርሳቸው የተቆላለፉ፣ ቅጂው በዓለም ዙሪያ በብዙ ኮምፒውተሮች የተቀመጠ መዝገብ።

ታዲያ አዲሱን ገጽ የሚጽፈው ማነው? ከሁሉ ቀድሞ የተፈጠረው ቢትኮይን ይህን ዕድል የሚሰጠው ብዙ ኤሌክትሪክ እየበሉ ከባድ ስሌት ለሚሠሩ ኮምፒውተሮች ነው። ካርዳኖ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ጸሐፊው የሚመረጠው እንደ ዕጣ ነው፤ ብዙ ሳንቲም የያዘ ብዙ ጊዜ ሊወጣለት ይችላል። በዚህ ምክንያት የሚፈጀው ኤሌክትሪክ እጅግ ያነሰ ነው። ለሚጽፉት የሚከፈለው በሥርዓቱ ሳንቲም ነው። ሳንቲሙ ኤዳ ይባላል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን የኖረችውና የመጀመሪያዋ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ተብላ የምትጠቀሰው እንግሊዛዊት የሒሳብ ሊቅ ኤዳ ላቭሌስ ስም ነው። ይህን ስንሰማ ሁላችንም ፈገግ አልን። አንዲት እናት ግን ቶሎ ብለው፣ «ማርትሬዛም የሴት ምስል ነበራት፤ ጠርዟን ሳንዳስስ አልተቀበልናትም» አሉ።

ካርዳኖ በኢትዮጵያ

ልጅቱ ካርዳኖን የመረጠችው ከአገራችን ጋር ታሪክ ስላለው ነው። እኛም ታሪኩን በዝርዝር ጠየቅናት።

ካርዳኖን የሠራው ያኔ አይ.ኦ.ኤች.ኬ. ይባል የነበረው ኩባንያ ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ አሜሪካዊው ቻርልስ ሆስኪንሰን ነው። ኩባንያው በ2010 ዓ.ም. ከያኔው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረመ። ሐሳቡ ወጣቶችን ማሠልጠንና ብሎክቼንን እንደ ቡና ባሉ የግብርና ምርቶች ላይ መሞከር ነበር። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለሦስት ወር ያህል የፕሮግራም ሥልጠና ተሰጠ። ተማሪዎቹ በሙሉ ሴቶች ነበሩ፤ ከኢትዮጵያና ከኡጋንዳ የተመረጡ ከ20 በላይ ወጣቶች። ይህን ዜና ሰምተን ደስ አለን። የሴት ልጅ እጅ የገባ ሙያ ሳንቲሙ ቢወድቅም አይወድቅም።

ትልቁ ዜና የመጣው በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ነው። ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር በተደረገ ስምምነት የ5 ሚሊዮን ተማሪዎች የትምህርት መረጃ በ3,500 ትምህርት ቤቶች በብሎክቼን መዝገብ ይያዛል ተባለ። 750,000 መምህራንም ይመዘገባሉ ተባለ። ዓላማው ግሩም ነው። የትምህርት ማስረጃ አስመስሎ የሚሠራ በበዛበት አገር፣ የማይደለዝ መዝገብ የማይፈልግ ማን አለ? ዜናው በዓለም ሁሉ ተወራ። የብዙ አገር ሰዎች ካርዳኖን የገዙት «አፍሪካ ውስጥ ሥራ ላይ ሊውል ነው» በሚል ተስፋ ነበር።

እዚህ ላይ በስብሰባው ያሉትን እናቶች ጠየቅን፤ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ በዚህ መዝገብ የተመዘገበለት አለ? አንድም እጅ አልወጣም። የሠፈራችን ልጆች ካርዳቸውን ዛሬም በወረቀት ይዘው ይመጣሉ። እኛ ያየነው አዲስ መዝገብ ፋይዳ ነው። አብዛኞቻችን ጣታችንንና ዓይናችንን ሰጥተን ቁጥራችንን ተቀብለናል፤ ባንክም እየጠየቀን ነው። ፋይዳ የቆመው ግን በብሎክቼን ላይ አይደለም። መሠረቱ ሞሲፕ የሚባል፣ ሕንድ ውስጥ የተጀመረ፣ ማንም አገር በነፃ ሊጠቀምበት የሚችል ሥርዓት ነው። ሞሲፕ የሚሸጥ ሳንቲም የለውም። ስለዚህ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ሲመዘገብበት ከዋጋ መውጣትና መውረድ የሚያተርፍም የሚከስርም ባለ ሳንቲም የለም።

የክርክራችን ዋና ነጥብ የተገኘው እዚህ ላይ ነው። መዝገቡ አንድ ነገር ነው፣ ሳንቲሙ ሌላ ነገር ነው። መዝገብ ጠቃሚ ሆኖ ሳንቲሙ ሊረክስ ይችላል። መዝገብ ሥራ ላይ ሳይውልም ሳንቲሙ ሊወደድ ይችላል።

የዋጋው ታሪክ

የኤዳ ዋጋ ይህንኑ ያሳያል። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ለገበያ ሲቀርብ አንዱ 2 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ከ1 ዶላር በላይ ወጣ። ዓመት ሳይሞላ ከ5 ሳንቲም በታች ወረደ። የትምህርት ሚኒስቴር ስምምነት በታወጀ ሰሞን 1 ዶላር ከ30 ሳንቲም አካባቢ ደርሶ ነበር። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከ3 ዶላር በላይ ሆነ፤ ከዚያ በላይ ወጥቶ አያውቅም። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 25 ሳንቲም ወረደ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. እንደገና ከ1 ዶላር አለፈ።

ልጅቱ እዚህ ላይ ጠንክራ ተከራከረች። «በ4 ሳንቲም 1,000 ዶላር የገዛ ሰው በ3 ዶላር ቢሸጥ 75,000 ዶላር ያገኝ ነበር» አለች። ሒሳቡ ልክ ነው። የእቁባችን ጸሐፊ ወረቀትና እስክሪብቶ አንሥታ የሌላውን ወገን ሠራች፤ ስምምነቱ በታወጀ ሳምንት 1,000 ዶላር የገዛ ሰው ከ20 ወር በኋላ የቀረው 200 ዶላር አይሞላም። በጫፉ ላይ የገዛው ደግሞ 80 ዶላር ገደማ። «ከሁለቱ ሰዎች የትኛውን እንደምንሆን አስቀድሞ የሚነግረን ማነው?» ብላ ጠየቀች። ልጅቱ ዝም አለች፤ ቆይታ «ማንም» አለች። ለዚህ መልሷ እናከብራታለን።

አንዲት አባላችን ሌላ ጥያቄ አነሣች። «የባንክ አክሲዮን ስገዛ ባንኩ አበድሮ ካተረፈው ይደርሰኛል። ወፍጮ ስገዛ በርበሬ ፈጭቼ አተርፋለሁ። ይህ ሳንቲም የሚያተርፈው ምን ሠርቶ ነው?» ልጅቱ ያለውን ሁሉ ዘረዘረች። ሳንቲሙን ለመዝገቡ ጥበቃ ያዋለ ሰው በየጊዜው ጥቂት ተጨማሪ ሳንቲም ያገኛል። በመዝገቡ የሚጠቀም ሰው አገልግሎቱን የሚከፍለው በዚሁ ሳንቲም ነው። ቁጥሩም ከ45 ቢሊዮን እንዳያልፍ ተወስኗል። ነገር ግን ጭማሪው የሚከፈለው በራሱ በሳንቲሙ ነው። ዋጋው በዋናነት የሚቆመው ነገ የሚገዛ ሰው በመኖሩ ላይ ነው። ማርትሬዛም በተቀባዩ ላይ የቆመ ነበር፤ በውስጡ ግን ብር የሚባለው ማዕድን ነበረ። አሞሌም ቢያንስ ወጥ ውስጥ ይገባል።

ይህ ቴክኖሎጂ ለአገራችን ምንም አላስገኘም ማለታችን አይደለም። በ2016 ዓ.ም. 21 የቢትኮይን ኩባንያዎች፣ 19ኙ የቻይና፣ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር የኃይል ግዢ ውል እንደነበራቸው ተዘግቧል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው። ልብ በሉ፤ ኤሌክትሪክ የሸጠው ድርጅት ሳንቲም አልገዛም። ያለውን ሸጠ፣ ዋጋውን ተቀበለ።

ልባችንን የነካው

ከሁሉ በላይ ስብሰባውን ጸጥ ያሰኘው የአንዲት አባላችን ታሪክ ነው። ስሟን እንዳንጽፍ ጠይቃናለች። ከሁለት ዓመት በፊት በስልኳ አንድ ማስታወቂያ መጣላት። «በክሪፕቶ እንነግድልሻለን፣ በየሳምንቱ ትርፍ ትወስጃለሽ» ይላል። መጀመሪያ ትንሽ አስገባች፤ ትርፉ መጣ። ከዚያ ከጉሊት ያጠራቀመችውን ጨመረች፤ እህቷንም አስገባች። አንድ ቀን ማለዳ ያ ነገር ከስልኳ ጠፋ። የምታንኳኳው በር አልነበረም። ለሁለት ዓመት ለማንም አልተናገረችም፤ እህቷም እስከ ዛሬ አኩርፋታለች። «ገንዘቡ ሄደ ይሂድ፣ እህቴን ግን ማን ይመልስልኝ?» አለችን።

ልጅቱ ይህ ካርዳኖ እንዳልሆነ፣ በስሙ የሚነግዱ አጭበርባሪዎች ሥራ እንደሆነ አስረዳች። እውነቷን ነው፤ ሁለቱን አንቀላቅልም። እውነተኛው ካርዳኖ መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው፣ አሠራሩም በጽሑፍ ተብራርቷል። ነገር ግን ሳሪስ ላለች የጉሊት ነጋዴ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የምትለይበት ጠርዝ የለም። ማርትሬዛን በጣቷ ትዳስስ ነበር፤ ይህን በምን ትዳስሰው?

በዕድሜ ከፍ ያሉት እናታችን ደግሞ እንዲህ ጠየቁ፤ «እኔ ብሞት ልጆቼ ማንን ይጠይቃሉ?» ልጅቱ እንደነገረችን የራስ የሆነ ሳንቲም የሚከፈተው 24 በሚደርሱ ምስጢራዊ ቃላት ነው። ቃላቱ ከጠፉ ሳንቲሙም ጠፋ፤ ወረቀት ይዞ የሚኬድበት ቅርንጫፍ የለም። ስልክ በታክሲ ወረፋ ላይ በሚነጠቅበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ባንክ ያለው ገንዘብ ወራሽ ያወጣዋል፤ የእቁቡን ዕጣ ዳኛው ያውቀዋል። ቃላቱን ማንም የማያውቅለት ሟች ግን ሀብቱን ይዞት ይቀበራል።

የሕጉም ነገር አለ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ የአገሪቱ መገበያያ ብር እንደሆነ፣ ክሪፕቶን ለግብይት መጠቀም እንዳልተፈቀደ ለሕዝብ ገልጿል። እኛ ደግሞ ሕጋዊ ማኅበር ነን፤ ሒሳባችን ይመረመራል። ዶላር ከመንገድ ገዝተን፣ ሳንቲም ከማናውቀው ሰው ተቀብለን፣ ለኦዲተር ምን ደረሰኝ እናሳያለን? ለደጋፊዎቻችንስ ምን ብለን እንጽፋለን?

ታዲያ ምን አማራጭ አለን?

ልጅቱ ተገቢ ጥያቄ መለሰችልን። «ሁሉንም እምቢ ካላችሁ ብሩ እየቀለጠ ነው። አሞሌ በክረምት እንደማስቀመጥ ነው።» የክርክሩ ምርጥ ንግግር ይህ ነበር፤ ሳናጨበጭብ አላለፍነውም።

ስለዚህ ሌሎቹን መንገዶችም አየን። በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ በ11 ሴቶች ጠንሳሽነት የተቋቋመ፣ አብዛኞቹ ባለአክሲዮኖቹም ሴቶች የሆኑበት ባንክ ነው። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ፤ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። የተሸጠው ግን 10.7 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። ጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ አክሲዮን በይፋ የሚሸጥበት ገበያ ዳግም አገኘን። አክሲዮንም ይወድቃል። የ1967ቱን ውርስ የሚያስታውሱ እናቶቻችን በመካከላችን ናቸው። ቢሆንም ድርጅቱ ያለበትን እናውቃለን፣ የሒሳብ ሪፖርት ያወጣል፣ ጉባኤ ይጠራል፣ ስማችንም በመዝገብ ይሰፍራል።

በመጨረሻ እንዲህ ወሰንን።

የማኅበሩን ገንዘብ በኤዳም በሌላ ክሪፕቶም ላይ አናውልም። ለወፍጮው የተቆጠበው ገንዘብ ዋጋ እየቀለጠ እስኪያልቅ አንጠብቅም። ትልቁን ወፍጮ ትተን አቅማችን የሚፈቅደውን አነስተኛ ወፍጮ አሁኑኑ እንገዛለን፤ ብሩ በባንክ ከሚተኛ በርበሬ ይፍጭ። ከወፍጮው ገቢ ከሚተርፈው ላይ አክሲዮን ስለ መግዛት በሚቀጥለው ጉባኤ እንነጋገራለን። አባላት በግል ገንዘባቸው የሚያደርጉትን አንከለክልም፤ ግን ሕጉን ይወቁ፣ ብድር አይውሰዱ፣ የእቁብ ገንዘብ አይንኩ።

ከብሎክቼን የወሰድነው ነገርም አለ። የማኅበራችን መዝገብ እስከ ዛሬ በአንድ እጅ ነበር፤ በልጅቱ ኮምፒውተር። ጥርጣሬ ኖሮን ሳይሆን ሳናስበው ቀርተን ነው። ከዚህ ወር ጀምሮ መዝገቡ በሦስት ቅጂ ይያዛል፤ አንዱ በጸሐፊዋ፣ አንዱ በገንዘብ ያዧ፣ አንዱ በየሦስት ወሩ በሚቀያየሩ ተራ አባል ዘንድ። በየወሩ ሦስቱም ጎን ለጎን ይነበባሉ፤ የአዲሱ ገጽ የመጀመሪያ መስመር ያለፈው ገጽ ድምር ይሆናል። ይህን ያስተማረችን ያቺው ልጅ ናት። በየሁለተኛው ቅዳሜም በስልክ ስለሚመጡ ማጭበርበሮች እንድታስተምረን ለምነናት እሺ ብላለች።

የመጀመሪያውን ትምህርት ለመስማት ከመጡት መካከል ያቺ አባላችን ነበረች፤ እህቷን ይዛ። አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡ።